ያልተገፈፈ ወተት

እትዬ አንደኛ የሚለውን ስም ያወጣላቸው የወተት መሰብሰቢያው ጥቁር ሰሌዳ ነው። በየወሩ መጨረሻ የእያንዳንዱ አምራች ወተት ስንት ቅባት እንዳለው ከላይ ወደ ታች በጠመኔ ይጻፋል፤ የላይኛዋ መስመር ለዘጠኝ ዓመት ከእሳቸው ሌላ ሰው አስተናግዳ አታውቅም። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ጎረቤት ቢገኝ ጉድ ነው። እሳቸውንም አልናፈቃቸውም። "እትዬ አንደኛ!" ብሎ የጠራቸውን ሰው የመንገዱ ማዶ ቢሆንም ይሰሙታል፤ ጆሯቸው የሚደነቁረው ወሬ ለሚያመላልስ ብቻ ነው።

ያላቸው ስድስት ላም ነው። በቁጥር የሚበልጧቸው ሞልተዋል፤ ከአጥራቸው ማዶ እንኳ አሥራ አምስት ላም አስሮ በወተቱ ብዛት የሚንቀባረር ጎረቤት አላቸው። "ብዛትማ የቧንቧ ውሃም አለው" ይላሉ እሳቸው። የእሳቸው ኩራት ስልባቦቱ ነው። ወተታቸው ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚተኛው ስልባቦት በማንኪያ ሲነሳ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። መሰብሰቢያው ጓሮ ውስጥ መናጫዋን የተከለችው ቅቤ አውጪ የእሳቸውን ወተት ከማንም ሳትቀላቅል ለብቻው ነው የምትንጠው። እሷም ብትሆን ወገኛ ናት። ቅቤውን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና ላሟ ምን ስትበላ እንደሰነበተች ትናገራለች። "ይቺ እርጥብ ሣር ላይ ነበረች፣ ቢጫና ልስልስ ነው። ይቺ ደረቅ ገለባ ብቻ ነው የምትቀለበው፣ ነጭና ድርቅ ያለ ነው። ይቺ ደግሞ የዘይት ቤቱ ፋጉሎ በዝቶባታል፣ ገና ሳልነካው ሊፈስ ነው።" ስትሳሳት ያየ ሰው የለም፤ ቢኖርም ደፍሮ አልተናገረም።

እትዬ አንደኛ አንዲት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ያገባችው በያጅ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ የአልጋ ብረት የሚሠራ፣ እጁ የማያርፍ፣ አፉም እንደዚያው። አማቱ ሰባት ዓመት ሙሉ "በያጁ" እንጂ ሌላ ብለው ጠርተውት አያውቁም። "በያጁ በላ?" "በያጁ ገባ?" "በሩ ተንጋዶብኛል፣ ለበያጁ ንገሪው።" ክፉ ሆነው አይደለም። ያላቸውን አንዲት ልጅ የላም ጡት ነክቶ ለማያውቅ ሰው መስጠት ከብዷቸው ነው። ልጅቷ ስትዳር ከራሳቸው በረት አንዲት ጊደር አብረው የሰጡትም፣ "እዚያ ቤት ቢያንስ አንድ ሥራ የምታውቅ ትኑር" ብለው ነበር። ጊደሯ ከሙሽራዋ ጋር ስለወጣች ስሟ ሙሽሪት ሆኖ ቀረ። ዛሬ የሁለት ጥጆች እናት ናት፤ ሙሽርነቱ ግን አልለቀቃትም።

በያጁ አማቱን ለማስደሰት ያልሞከረው ነገር የለም። አጥራቸውን አጠረ፣ ጣሪያቸውን ደፈነ፣ የወተት ጋሪያቸውን ጎማ ቀየረ። በመጨረሻ የድርቆሽ መፍጫ ሠራላቸው።

መፍጫው እውነትም የሚያምር ነገር ነበር። ከአሮጌ ሞተርና ከወፍራም ላሜራ የተበየደ፣ አረንጓዴ የተቀባ፤ በአንድ በኩል ድርቆሽ ይጎርሳል፣ በሌላው በኩል እንደ ዱቄት የላመ ነገር ይተፋል። ድሮ ላሞቹ ለስላሳውን እየመረጡ አገዳውን እግራቸው ሥር ይበትኑት ነበር። አሁን ዱቄቱ ከፉርሽካው ጋር ሲቀላቀልላቸው ገንዳውን ልሰው ያጸዳሉ። ወተቱ እንዲያውም በመጠን ትንሽ ጨመረ። እትዬ አንደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎረቤት ፊት አፋቸውን ሞልተው፣ "ይሄን በያጁ ነው የሠራልኝ" አሉ። ይህን የሰማ ዕለት በያጁ እግሩ መሬት አልነካም። በሳምንቱ ስምንት ሰው እንደዚሁ ያለ መፍጫ አዘዘው።

ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ሰኞ ጠዋት የመሰብሰቢያው ክፍል እንደ ወትሮው በሰውና በጣሳ ኳኳታ ተሞልቷል። ወተቱን የምትለካው ልጅ፣ ሁሉም ለኪዋ የሚላት፣ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ ተተክላለች። ለኪዋ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከየጣሳው ትቀዳለች፣ ከአሲድ ጋር ትቀላቅላለች፣ አንገተ ቀጭን ጠርሙሶቿን በማሽን ታሽከረክራለች፤ ቅባቱ ተለይቶ ጠርሙሱ አንገት ላይ ሲቆም ቁጥሩን ታነባለች። የእትዬ አንደኛን ጠርሙስ አነበበች። ወደ ብርሃኑ ዞራ ደግማ አነበበች። ከዚያ ሌላ ቀድታ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመረችው።

"እትዬ፣ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነው" አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ።

"የማን?"

"የእርስዎ።"

"ሂጂ እባክሽ! የኔ ወተት ከአራት ወርዶ አያውቅም።"

ለኪዋ ላክቶሜትሩን፣ ያንን የሚንሳፈፍ የመስታወት መለኪያ፣ ወተቱ ውስጥ ለቀቀችው። ወተት ውሃ ሲገባበት ይቀልና መስታወቱ ይሰምጣል። ቅባቱ ሲነሳበት ደግሞ ይከብድና መስታወቱ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይቆማል። ከፍ ብሎ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የነበረ አምራች ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ባለ አሥራ አምስት ላሙ ጎረቤት ጣሳውን እያስቀመጠ፣ ለራሱ የሚያወራ መስሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ "ስልባቦቱን ገፍፈውት ነዋ!" አለ።

እትዬ አንደኛ ዞር ብለው አዩት። በዕድሜያቸው ብዙ ተብለዋል፤ ኩራተኛ፣ ምላሰኛ፣ ግትር። እውነት ስለሆነ አንዱም አልከፋቸውም። ይሄኛው ግን አንጀታቸው ድረስ ገባ። የላዩን ገፍፎ ለራስ አስቀርቶ የታቹን ለሰው ማቅረብ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ነውሮች ሁሉ የባሰው ነው፤ እሳቸው ራሳቸው በዚህ ምክንያት ሁለት ሰው ከማኅበሩ ሲሰናበት እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል።

ጫጫታውን ሰምቶ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከቢሮው ወጣ፤ ማኅተሙን ለምሳ ሲሄድም ኪሱ ይዞት የሚሄድ ሰው ነው። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስነበበ።

"እትዬ፣ እኔ ምንም አላልኩም" አለ። ይህ ሰው ምንም አላልኩም ሲል ብዙ ማለቱ ነው። "ግን ደንቡ ደንብ ነው። የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ ኮሚቴው በረትዎ ድረስ መጥቶ ላሞቹ በፊቱ ይታለባሉ። ያኔም ቁጥሩ እንዲህ ዝቅ ካለ ነገሩ የላሞቹ ነው፤ እርስዎ ነጻ ነዎት።"

"ከፍ ካለስ?"

"ከፍ ካለማ… እኛ ስናይ ከፍ የሚል፣ ሳናይ የሚወርድ ወተት መሆኑ ነው። ከማኅበሩ መሰናበት ይመጣል።"

"አንተ ልጅ፣ ስትድህ ነው የማውቅህ። ዛሬውኑ ና! አሁን ተከተለኝና እለብ!"

"ኮሚቴው አልተሟላም እትዬ። ሐሙስ ነው።"

ቅቤ አውጪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓሮ ገባች። "እኔ ልንገራችሁ" አለች። "የተገፈፈ ወተት ቅቤው ያንሳል እንጂ ዓይነቱ አይለወጥም። የእትዬ ቅቤ ሰሞኑን ተለውጧል፤ ጣቴ ሥር ይልመዘመዛል። ነገሩ ያለው ላሞቹ አፍ ውስጥ ነው።" ሊቀመንበሩ በትሕትና አዳመጣትና አውራ ጣት ደንቡ ላይ እንዳልተጻፈ ነገራት።

እትዬ አንደኛ ባዶ ጣሳቸውን አንስተው ወጡ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የወጡት፤ እቤታቸው ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ግን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ላሞቹ በልተው ሲጋደሙ ባልዲ ገልብጠው በረቱ መሃል ተቀመጡ። የቅቤ አውጪዋ ንግግር ከጆሯቸው አልወጣ ብሏል። ላሞቹ አፍ ውስጥ። ምን አለ ላሞቹ አፍ ውስጥ?

ምንም አልነበረም። በመጀመሪያ የገረማቸው ጸጥታው ነው። ይህ ሰዓት እዚህ በረት ውስጥ ጸጥታ ኖሮት አያውቅም፤ ስድስት መንጋጋ በአንድ ጊዜ የበላውን እየመለሰ ሲያመነዥክ ሟች ባለቤታቸው፣ "ሴትዮዎቹ ሐሜታቸውን ጀመሩ" ይሉ ነበር። አሁን ሐሜተኞቹ እንደተኳረፈ ሰው ተጋድመው ዝም ብለዋል። እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ልብ አላልኩም ብለው ራሳቸውን ታዘቡ። የመፍጫው ድምፅ ቤቱን ሲሞላው ሌላው ድምፅ መጥፋቱን ማን ያስተውላል?

ቦራን፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን አሮጊት ላም፣ መርጠው ጠበቁ። ቦራ አንዱን ጉርሻ መልሳ ስታኝክ ከሃምሳ በታች ቆጥረውላት አያውቁም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ጉርሻው ጉሮሮዋ ላይ እብጥ ብሎ ወጣ። ቆጠሩ። ሃያ ስምንት ላይ ዋጠችው። እበቷን አዩ፤ ልል ሆኗል። ተነስተው እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከተው አወጡት። መዳፋቸው ላይ የቀረው የድርቆሽ አቧራ ነው።

"ምን ታኝክ?" አሉ ጮክ ብለው። "የሚታኘክ ነገር የታለ? ሥራ ያቀለልንላቸው መስሎን ሥራቸውን ነጠቅናቸው!"

የቤት ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄዱ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የስምንቱን ሰዎች መፍጫ ላሜራ በተርታ አቁሞ፣ በደስታ ያፏጫል። አማቱን ሲያይ ፉጨቱን አቆመ። ያዩትን ነገሩት፤ የሚያለሰልሱበት ጊዜም ልማዱም አልነበራቸውም።

"እማማ፣ ብረት ቅባት አይበላም" አለ ሊስቅ እየሞከረ።

"ብረቱ በላ አላልኩም። እንዳይሠራ አደረገው ነው ያልኩት።"

"ገንዳውን ልሰው አይደል የሚያጸዱት? ወተቱ አልጨመረም?"

"ጨመረ። ውሃ ውሃ የሚል ወተት ጨመረ!"

የበያጁ ፊት ጠቆረ። "ሰባት ዓመት" አለ። "ሰባት ዓመት በር ሠራሁ፣ አጥር ሠራሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አንድ ቀን ተባረክ ብለውኝ አያውቁም። አንዴ አመሰገኑኝ፤ እሱም ሦስት ሳምንት አልቆየ። ሰው ስምዎን በክፉ ሲያነሳ ጥፋቱን የሚጥሉት በኔ ላይ ነው?"

እትዬ አንደኛ እዚህ ጋ ዝም ቢሉ ኖሮ ጥሩ ነበር። ዝም ማለት ግን አልሆነላቸውም። "በያጅ ስለ ላም ምን ያውቃል?" አሉ።

"እሺ" አለ እሱ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እያወረደ። "ሙሽሪት የኔ ላም ናት። ዱቄቱን እየበላች ትቀጥላለች። ማን ውሸታም እንደሆነ እናያለን።"

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እናቷን አየች፣ ባሏን አየች። "እኔ ሁለታችሁንም አንድ ገንዳ ላይ ነው የማስራችሁ" ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ እትዬ አንደኛ ለኪዋ ዘንድ ሄዱ። ለኪዋ ጠርሙሶቿን እያጠበች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው፤ ፊቷም ቀስ በቀስ በራ።

"ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ እትዬ። የወተቱ ቅባት ብዙው የሚመጣው ጨጓራዋ ውስጥ አገዳው ቀስ እያለ ሲብላላ ነው። አገዳው ረጅም ካልሆነ አታመነዥክም። ካላመነዠከች ምራቅ አይወርድላትም፣ ምራቅ ከሌለ ጨጓራዋ ይኮመጥጣል። ያኔ ቅባቱ ያንሳል፣ ዓይነቱም ይለወጣል፤ ቅቤው የሚልመዘመዘው ለዚህ ነው።"

"እሰይ! በይ ለሊቀመንበሩ ንገሪልኝ።"

"ሊቀመንበሩ ከቁጥር በቀር አይሰማኝም።" ለኪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እትዬ፣ ድርቆሹን አሁን ከቀየሩ እኮ በሳምንት ውስጥ ቅባቱ ይመለሳል። ሐሙስ ዕለት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከፍ ካለ ደግሞ…" አልጨረሰችውም። "እስከ ሐሙስ ዱቄቱን ይተዉላቸው። በፊታችን ሲታለብ ዝቅ ይላል፣ ነጻ ይወጣሉ። ከዚያ ይቀይሩታል።"

እትዬ አንደኛ ይህን አላሰቡትም ነበር። እውነት ነው፤ ያመመውን ካዳኑ ጥፋተኛ ይሆናሉ፣ ታሞ እንዲቆይ ካደረጉ ንጹሕ። ለአንድ አፍታ፣ አንድ አፍታ ብቻ፣ ልባቸው ወደዚያ አዘነበለ። ዘጠኝ ቀን ምን አላት? ከዚያ ቦራ ስትነሳ እግሯን አሟት ስታነክስ፣ ሃያ ስምንት ላይ ስትውጥ ታየቻቸው።

"ላሞቼን አሳምሜ ስሜን ልጠብ?" አሉ። "የኔ ልጅ፣ ደግ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያ ስም ከየት መጣና? እነሱ ናቸው ያወጡልኝ።"

በዚያው ዕለት ማታ መፍጫውን በሸራ ሸፈኑት። ለላሞቹ ረጅሙን ድርቆሽ እንዳለ አቀረቡላቸው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት በዕድሜያቸው ካዩት ሁሉ የከፉ ነበሩ። ላሞቹ ደህና እየሆኑ ሲሄዱ የእሳቸው ነገር እየተበላሸ ሄደ። ሦስት ነጥብ አንድ ሆነ። ሦስት ነጥብ አምስት። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ለኪዋ ቁጥሩን ባነበበች ቁጥር ክፍሉ ውስጥ መተያየት ይነሳል። "ፍርሃት ደግ ነው፣ ስልባቦቱን አስመለሰ" አለ ጎረቤታቸው አንድ ቀን፣ ሰዉም ሳቀ። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ጣሳቸውን አጥበው ይወጣሉ። ቀትር ላይ በረቱ መሃል ሲቀመጡ ግን የላሞቹ ሐሜት ተመልሷል። ቦራ አንዱን ጉርሻ ሃምሳ አንድ ጊዜ አኘከች፣ ሃምሳ አራት ጊዜ አኘከች። ያን ጊዜ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ። በያጁ ግን በዚያ ሁሉ ቀን ደጃፋቸውን አልረገጠም፤ እሳቸውም አላስጠሩትም።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ተሟልቶ መጣ። ሊቀመንበሩ፣ ሁለት አባላት፣ ለኪዋ ከነማሽኗ፣ ቅቤ አውጪዋ ማንም ሳይጠራት፤ ከኋላቸው ደግሞ ግማሹ አምራች፣ መፍጫ ያዘዙት ስምንቱም ጭምር። ባልዲዎቹ ባዶ መሆናቸው እንዲታይ አፋቸው ተደፋ። አንዱ አባል እጁን ታጥቦ ስድስቱንም ላሞች አለበ። ለኪዋ ግቢው ውስጥ በተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ቀዳች፣ ቀላቀለች፣ አሽከረከረች።

"አራት ነጥብ ሁለት" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቁጥር የደስታ ነው። አሁን ልጅቷ ወደ እትዬ አንደኛ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

"እንግዲህ…" አለ ሊቀመንበሩ፣ እጁን ወደ ማኅተሙ ኪስ እየሰደደ። "እትዬ፣ እኔ ምንም…"

"አትቸገር" አሉት። "ማለት ያለብህን በል።" ሁለት እጃቸውን ሽርጣቸው ሥር ከተቱ። ዘጠኝ ዓመት ከላይ የተጻፈ ስም፣ ነገ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ጨርሶ አይኖርም።

የግቢው በር የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው። በያጁ ነው፣ ሙሽሪትን በገመድ እየጎተተ። ይልቁንም እሷ ነች እሱን የምትጎትተው፤ የትውልድ በረቷን ስታይ ፈጥናለች። ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበና፣

"ይቺንም እለቡ" አለ።

"ይህ የኮሚቴው ጉዳይ አይደለም" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጉዳያችሁ ነው። ይቺ የቦራ ልጅ ናት። ድርቆሿን ሚስቴ የምታመጣው ከዚሁ ክምር ነው፣ ፉርሽካዋም ከዚሁ ጆንያ ነው። ልዩነቱ እኔ ነኝ። አማቴ መፍጫህ ላሞቼን አበላሸ ብለው ሲነግሩኝ ውሸታም ላደርጋቸው ብዬ እስከ ዛሬ ጠዋት ብየዳ ቤቴ እየፈጨሁ ዱቄቱን አበላኋት።" ወደ ስምንቱ ሰዎች አየና ዓይኑን መለሰ። "ከሳምንት በፊት ሚስቴ ወተት አፈላች። ስልባቦት አጣንበት። ያን ቀን ነው ያወቅኩት። መናገር አቃተኝ። ስምንት መፍጫ ታዞኛል… ኩራት ያዘኝ። እለቧት በቃ።"

ሙሽሪት በሰው ሁሉ ዓይን ፊት፣ አፉ ተደፍቶ በታየ ባልዲ ውስጥ ታለበች። ለኪዋ አሽከርክራ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሳች።

"ሁለት ነጥብ ሰባት።"

ላክቶሜትሩን ለቀቀችው። ልክ እንደተገፈፈ ወተት ከፍ ብሎ ቆመ። በዕድሜዋ ቀልዳ የማታውቀው ለኪዋ ሊቀመንበሩን ቀጥ ብላ አየችውና፣ "ጌታዬ፣ ከጡቷ ባልዲው እስኪደርስ ማን ገፈፈው?" አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ቅቤ አውጪዋ ናት። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። "አውራ ጣቴን ደንቡ ላይ ጻፉልኝ!" እያለች ጣቷን ሽቅብ ታውለበልባለች። ባለ አሥራ አምስት ላሙ ጎረቤት የጫማውን ጫፍ ያጠና ጀመር።

"እትዬ" አለ ሊቀመንበሩ፣ "እኔ እኮ መጀመሪያም ምንም አላልኩም።"

"አዎ፣ ምንም ስትል በደንብ ሰምቼሃለሁ" አሉት። "በል ያንን ማኅተም ከኪስህ አውጣና ንጹሕ ናት ብለህ ምታበት።"

መታበት። እሳቸው ግን ወረቀቱን አላዩትም፤ የሚያዩት በያጁን ነው። ገመዱን እጁ ላይ ጠቅልሎ፣ ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቷል። ይህ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ አይተውት አያውቁም። ሲናገሩት ይመልሳል፣ ሲያሾፉበት ይስቃል። ዛሬ በስምንቱ ደንበኞቹ ፊት ራሱን አዋርዶ የእሳቸውን አንገት ቀና አደረገ። ኮሩበት። ሰሌዳው ላይ ከላይ በተጻፉበት ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ኩራት ተሰምቷቸው አያውቅም።

"መፍጫውን ዛሬውኑ ቆራርጬ እወስደዋለሁ" አለ ሲጠጉት።

"ማን ፈቀደልህ? የኔ ነው መፍጫው። ሰው የሰጠኝን ነገር አላስቆርጥም።" ሌባ ጣታቸውን ፊቱ ላይ ቀሰሩ። "ዱቄቱን የሚያጣራውን ወንፊት አውጣና ቢላዎቹን አራርቅልኝ። ዱቄት ሳይሆን አገዳ ይትፋ፤ ይቺን ያህል እያደረገ ይቁረጥ። ይቺን ያህል ከሆነ ያመነዥኩታል፣ መርጠውም አይጥሉትም።"

በያጁ ጣታቸውን አየ። እጁ ሳያስበው ኪሱ ገባና ሜትሩን አወጣ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የአማቱን ሌባ ጣት ከሥሩ እስከ ጥፍሩ ለካ።

"ሰባት ሴንቲ ሜትር" አለ።

"ጥፍሬን ቀንስበት" አሉት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰሌዳው የላይኛ መስመሩን ለባለቤቱ መልሷል። ሙሽሪትም እስክታገግም እናቷ ቦራ ጎን ሰንብታለች። አረንጓዴው መፍጫ ሸራው ተነስቶለት ጣት ጣት የሚያህል አገዳ እየቆረጠ ይተፋል። ያዘዙት ስምንቱ ሰዎች ትእዛዛቸውን አልሰረዙም፤ እንዲያውም "የእትዬ አንደኛ ጣት" የሚባለው ልክ ካልሆነ አንወስድም አሉ። አንድ ቀትር ላይ እሳቸው ጣሳ እያጠቡ ሳለ ባለ አሥራ አምስት ላሙ ጎረቤት የግቢውን በር ከፍቶ ገባ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ሰላምታውን አረዘመው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ቦራ ሳይቀር ጠየቀ። የመጣበት ነገር ከአፉ አልወጣ ብሎታል።

"እኔም አንድ መፍጫ ላሠራ ነበር" አለ በመጨረሻ። "በያጁ እዚህ ነው ያለው አሉኝ።"

እትዬ አንደኛ ጣሳውን ደፍተው ቀና አሉ።

"በያጁ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም" አሉ። "ልጄን ከሆነ የምትፈልገው በረት ውስጥ ነው። ግን ቆይተህ ግባ፤ ሙሽሪት ስታመነዥክ እየቆጠረላት ነው፣ አሁን ብታናግረው ቁጥሩ ይጠፋበታል።"